ሲኒ ገልብጣ የምታነብ ባለሱቅ፤ ጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን

አያቴ ከኮሪያ ዘመቻ ሲመለሱ ይዘዋቸው ከመጡት ስድስት ሲኒዎች ለእኛ የደረሱን ሁለት ናቸው። አንዱን በጥጥ ጠቅልዬ፣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ባለፈው ጥር ወደ ጠባሴ ወሰድኩት። የወሰድኩበትን ሱቅ ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ገዝቼበታለሁ፣ ተከራክሬበታለሁ፣ አንድ ቀንም ተቆጥቼ ወጥቼበታለሁ። ስለዚህ የምጽፈው በአንድ ቀን እይታ አይደለም።

ሱቁ ስም የለውም። በቆርቆሮ በሩ ላይ «አሮጌ ዕቃ ይገዛል፣ ይሸጣል» ተብሎ በነጭ ቀለም ተጽፏል። በግራው ልብስ ሰፊ፣ በቀኙ ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮው ሲነሣ በመደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆና ሳህን ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ የመጀመሪያው ቀን የእኔም ልብ አብሮ ተንቀጠቀጠ። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት አይከፈትም። የደብረ ብርሃንን የጥር ብርድ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። እሑድ ዝግ ነው።

ከፊት የከሰል ካውያ፣ የመዳብ ማንቆርቆሪያ፣ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮና የላምባ ፋኖስ ተደርድረዋል። በእነዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋሁም። የምጽፍላችሁ ከኋላ ስላለው መደርደሪያ ነው፤ እዚያ ያለው አብዛኛው ዕቃ ከጃፓን የመጣ ሸክላ ነውና። እንዴት ደብረ ብርሃን ደረሰ? የባለሱቋ አባት በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ከወደቡ ተነሥተው፣ ኮምቦልቻን አልፈው፣ ከደብረ ሲና ዳገቱን ወጥተው፣ በጣርማ በር ዋሻ በኩል ብቅ ሲሉ ከጋቢናቸው ኋላ በጭድ የታሸገ ሳህን ወይም ሲኒ አይታጣም ነበር ትላለች። የቀረውን የሚያመጡላት በየሰፈሩ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያሉ የሚዞሩት ልጆች ናቸው። ስንት እናት የአማቷን ሲኒ በላስቲክ ሳፋ እንደለወጠች እዚያ መደርደሪያ ፊት ቆሜ ሳስብ አዝኛለሁ።

ባለሱቋ ወደ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ከዚህ ቀደም አዲስ አበባ በአንድ ሱቅ አንድ ሳህን ላነሣ እጄን ስዘረጋ «አይነካም» ተብዬ አውቃለሁ። እዚህ ግን ሲኒውን ገና ሳነሣ የሰማሁት ቃል «ገልብጠው ይዩት፣ እትዬ» የሚል ነበር። ሲኒ ገልብጦ ማንበብ ሲባል በእኛ አገር የቡናውን አተላ አይቶ ዕጣ የሚናገር ሰው ነው የሚታሰበው። እሷ የምታነበው ሌላ ነው። የሲኒውን መቀመጫ፣ ሸክላ ሠሪው ወይም ፋብሪካው የተወውን ማኅተም ታነባለች። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የቦታ ስም የተጻፈበት ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። በዚህ ተግባባን።

መጀመሪያ ያሳየችኝ ጠርዙ ወርቅማ የሆነ የኖሪታኬ ሳህን ነው። ከሥሩ በአረንጓዴ ቀለም የቅጠል ጉንጉን፣ በጉንጉኑ መካከል «ኤም» የሚለው የላቲን ፊደል አለ። ፊደሉ ሞሪሙራ የሚባለውን የነጋዴ ቤተሰብ ስም ይወክላል። ይህ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1904 በናጎያ አጠገብ ኖሪታኬ በምትባል መንደር የሸክላ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የንግድ ስም የዚያች መንደር ስም ነው። የመጀመሪያውን ሙሉ የገበታ ዕቃ ሠርተው ለመጨረስ አሥር ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ የተሳካላቸው በ1914 ነው። ነጭና ጠፍጣፋ ሳህን ሳይጣመም ከእሳት ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም። ከሁሉ የነካኝ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያደረጉት ነው። ጥሬ ዕቃውም ባለሙያውም በተጓደለበት ጊዜ የሚያወጡት ዕቃ ለቀድሞ ስማቸው እንደማይመጥን ስላወቁ፣ ለጥቂት ዓመታት በራሳቸው ስም ፈንታ «ሮዝ ቻይና» የሚል ማኅተም እየመቱ ሸጡ። ይህን ስነግራት ባለሱቋ ሳህኑን መልሳ ገለበጠችና ዝም ብላ አየችው። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ብላኝ ነበር፤ በአንድ ሺህ አምስት መቶ ወሰድኩት። ጠርዙ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ስንጥቅ እንዳለች ከመክፈሌ በፊት ራሷ ነበረች ያሳየችኝ።

ይህን ሱቅ የምወደው በዚህ ነው። የማታውቀውን አላውቀውም ትላለች፤ የምታውቀውን ጉድለት አትደብቅም።

ዕድሜ የምትለይበት መንገድ ከአባቷ የወረሰችው ሲሆን እኔ ካነበብኩት ጋር ይስማማል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ወደ አገራቸው የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት በሕግ አስገደዱ። ጃፓኖች በዚያ ጊዜ የአገራቸውን ስም በራሳቸው አጠራር «ኒፖን» ብለው በላቲን ፊደል ይጽፉ ነበር። በ1921 የአሜሪካ ጉምሩክ «ኒፖን የጃፓንኛ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ጃፓን ተብሎ ይጻፍ» አለ። ስለዚህ «ኒፖን» ብቻ የሚል ማኅተም ያለበት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚያ ሠላሳ ዓመታት የመጣ ነው፤ «ጃፓን» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያልኩት አስቤበት ነው። ዛሬ «ኒፖን» የሚል የውሸት ማኅተም እየመቱ የሚሸጡ ስላሉ ማኅተም አይቶ ብቻ ገንዘብ ማውጣት አይገባም። በእሷ መደርደሪያ «ኒፖን» የሚል አንድም አላየሁም፤ ይህም አያስገርመኝም፤ በአሰብ መንገድ የመጣው ከዚያ ወዲህ የተሠራው ነውና።

ወደ እኛ አገር የጃፓን ዕቃ መግባት ከጀመረ ግን ቆይቷል። የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ሲሄዱ የጃፓን የጥጥ ጨርቅ በገበያችን የታወቀ ነበር። ከሰሜን ሸዋ ቆላ ተነሥቶ ቶኪዮ የደረሰ ሰው እንዳለን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸው ነበር፤ ለባለሱቋም ነገርኳት።

በመደርደሪያው ጥግ ወርቅማ ሥዕል የሞላበት የአበባ ማስቀመጫ አለ። ከሥሩ ክብ፣ በክቡ ውስጥ መስቀል ተሥሏል። አንድ ዲያቆን አይቶት «ይህ የክርስቲያኖች ዕቃ ነው» ብሎ ሊገዛው ሁለት ጊዜ እንደተመለሰ ነገረችኝ። መስቀሉ የሃይማኖት ምልክት አይደለም፤ በደቡብ ጃፓን ሳትሱማ የሚባለውን ግዛት ይገዛ የነበረው የሺማዙ ቤተሰብ ዓርማ ነው። እሷም ለዲያቆኑ ይህንኑ ነገረችው፣ ገንዘቡንም አልተቀበለችውም። እኔ የጨመርኩላት አንድ ነገር ነው፦ ዓርማው ብዙዎች ለገበያ ብለው ከዚያ ቤተሰብ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ዕቃ ላይ ሥለውታልና ክቡንና መስቀሉን በማየት ብቻ «የሳትሱማ ነው» ብላ ዋጋ እንዳትጨምር። ሥዕሉን በአጉሊ መነጽር ስናየው የሰዎቹ ፊት በእጅ የተሣለ ሳይሆን በትንንሽ ነጠብጣብ የታተመ ነበር። ዋጋውን እዚያው እፊቴ ቀነሰችው።

በቀይ ሁለት ፊደል የተጻፈባት ትንሽ ጽዋም አለች፤ «ኩታኒ» ነው የሚለው፤ ትርጉሙ ዘጠኝ ሸለቆ ማለት ነው። ለጂኦግራፊ መምህር ከዚህ የሚያምር ማኅተም የለም። የጃፓን ሸክላ የቦታ ስም ግን አንዳንዴ ያሳስታል። ኢማሪ የሚባለው ዝነኛ ሸክላ የተሠራው ኢማሪ ሳይሆን አሪታ በምትባል ከተማ ነው፤ ኢማሪ የተጫነበት ወደብ ነው። የእኛው ቡና በየመኑ ወደብ ስም «ሞካ» እየተባለ ለዓለም እንደተሸጠው ማለት ነው። ይህን ስላት ባለሱቋ ቡና መቁላቷን ትታ «እንግዲያው ሞካም የእኛ ነበር?» አለችኝ፤ በዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት አወራን።

ማኅተሙ በጃፓን ፊደል ሲሆን ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ አታውቅም ነበር። በዚህ ምክንያት ባለ ስድስት ፊደል ማኅተም ያለበትን አንድ ሰማያዊ ሳህን በስልክ ስታስተረጉም በግልባጭ ይዛው ኖሯል። አቅንተን ስናነሣው የቻይናውን የሚንግ ሥርወ መንግሥት የቼንግኋን ዘመን ጠራ፤ እ.ኤ.አ. ከ1465 እስከ 1487 ማለት ነው። ዓይኗ በራ። እኔ ግን ተስፋዋን ማሳነስ ነበረብኝ። የጃፓን ሸክላ ሠሪዎች ለቀደሙት የቻይና ሠሪዎች ካላቸው አክብሮትም፣ ለጌጥም ብለው ይህንን ማኅተም ለብዙ መቶ ዓመታት ገልብጠውታል። ሳህኑ መልካም ሳህን ነው፤ አምስት መቶ ዓመት ግን አይሞላውም።

አሁን ወደ አያቴ ሲኒ ልመለስ፤ የሄድኩበት ጉዳይ እሱ ነውና።

ሲኒው ግራጫ ነው፤ ከውጭ በኩል አፉን የከፈተ ዘንዶ በጎበጥ ጎበጥ ባለ ቀለም ተጠምጥሞበታል። ባዶውን ወደ ብርሃን ቀና ሲያደርጉት ከወለሉ የአንዲት ጃፓናዊት ሴት ፊት ይወጣል። የቀለም ሥዕል አይደለም፤ ሸክላው እየሳሳና እየወፈረ ስለተሠራ ብርሃኑ ነው ፊቱን የሚሥለው። ሴት አያቴ ይህንን ፊት ትፈራው ስለነበር «ባሕር ማዶዋ» ትለው ነበር፤ በእነዚያ ሲኒዎች ቡና የምትሰጠውም ለምታከብረው እንግዳ ብቻ ነው። ከመቀመጫው ላይ ደግሞ ደማቅ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀብታበታለች። ምክንያቱን የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለለቅሶ ወይም ለድግስ ሲኒና ሳህን ከየቤቱ ይሰበሰባል፤ ሲመለስ እንዳይለዋወጥ አንዷ ቀይ፣ አንዷ አረንጓዴ፣ አንዷ የስሟን መጀመሪያ ፊደል ከሥሩ ትቀባለች። የዕድር ዕቃም እንዲሁ ነው። የአያቴ ምልክት ቀይ ነበር። ያ ቀይ ቀለም ከአንድ ፊደል ጫፍ በቀር የጃፓኑን ማኅተም ሸፍኖት ነበር።

ባለሱቋ ሲኒውን ተቀብላ ወዲያው ወደ ሥራ አልገባችም። መጀመሪያ ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አየችው። ከዚያ በቀለሙ ጠርዝ አልፎ ብቅ ያለውን የአንድ ፊደል ጫፍ በጥፍሯ ዳሰሰችው። ማኅተም ከሚያብረቀርቀው ቅብ ሥር ከሆነ እጅ ላይ አይታወቅም፤ ለስላሳ ነው፤ በምንም አይለቅም። ከቅቡ በላይ ሆኖ ዳግም በእሳት ያለፈ ከሆነ ትንሽ ይሻክራል፤ ካልተፋቀ ይቆያል። ከእሳት በኋላ እንዲሁ በቀለም የተቀባ ከሆነ ግን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አብሮ ያነሣዋል። ይህንን ሁሉ ሳትነካው ነው የነገረችኝ፤ ከዚያም «ቢጠፋብን ይቅር ይሉኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። እስማማለሁ አልኩ። ጥጡን አርሳ፣ ጨምቃ፣ ከጠርዙ ጀምራ ነጠብጣብ በነጠብጣብ አነሣችው። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጅቷል። ወፍጮው ቆሞ ነበር፤ የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው።

በጥቁር የላቲን ፊደል ብቅ ያለው «ሜድ ኢን ኦኪዩፓይድ ጃፓን» የሚል ነው፦ በጦር በተያዘችው ጃፓን የተሠራ።

ይህ ማኅተም ለምን እንዳስለቀሰኝ ለመረዳት የቤተሰባችንን ክርክር ማወቅ ያስፈልጋል። ወንድ አያቴ ከክብር ዘበኛ ተመልምለው ኮሪያ የዘመቱ የቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበሩ። ወረቀታቸው ሁሉ ጠፍቷል። እናቴ በመጀመሪያው ቃኘው ሄዱ ትላለች፤ ወንድሜ በሁለተኛው ነው ይላል። የመጀመሪያው ቃኘው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአገር ወጥቶ አንድ ዓመት ያህል ተዋጋ፤ ሁለተኛው በ1944 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ተካው። ኮሪያ የዘመቱ ወታደሮች ዕረፍት የሚወጡት ወደ ጃፓን ነበር። ጃፓን ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሽንፈት በኋላ በአሜሪካኖች የሚመራ ጦር ይዟት ኖሮ ነፃነቷን ያገኘችው ሚያዝያ 20 ቀን 1944 ዓ.ም. ነው። ለውጭ ሽያጭ በሚሠራ ዕቃ ላይ «በጦር የተያዘች ጃፓን» ተብሎ የተጻፈው ከ1947 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ባሉት ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። እንግዲህ ሲኒው የተሠራው ከዚያች ሚያዝያ በፊት ነው። ይህ የእናቴን ወገን ይደግፋል። ባለሱቋ ግን ደስታዬን አይታ እንኳ እውነቱን አልተወችም። «አሮጌው ከሱቅ እስኪያልቅ ቆይቶ በሁለተኛው ጊዜ ተገዝቶ ሊሆን ይችላል፣ እትዬ» አለች። ልክ ናት። ወንድሜም ይህንኑ ብሎ እስካሁን አልተረታም። እኔ ግን እናቴን አምናለሁ።

ለዚህ ሁሉ ሥራ የጠየቀችኝ መቶ ሃምሳ ብር ነው።

የተቆጣሁበትን ደግሞ ሳልጽፍ አላልፍም። ባለሱቋ የዋጋ ወረቀት ትለጥፍ የነበረው ከዕቃው ሥር፣ ልክ በማኅተሙ ላይ ነው። ለሸቀጡ ከሁሉ የከበረውን ቦታ በሙጫ ትሸፍነው ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ አንድ ደንበኛ የሲኒን ወረቀት በምላጭ ሲፍቅ ደረስኩ፤ ማኅተሙ ከቅቡ በላይ የተጻፈ የወርቅ ቀለም ነበርና ግማሹ ከወረቀቱ ጋር ተነሣ። የሲኒው ሠሪ ስም ከዚህ በኋላ አይነበብም። በዚያ ቀን ክፉ ቃል ተናግሬ ወጣሁ። ሌላም አለ፤ የስድስት ሲኒ ጓደኛሞችን ነጣጥላ ትሸጣለች። ኑሮ ነው፣ ይገባኛል፤ ሆኖም ሙሉውን ለሚገዛ ሰው ዋጋ ብትቀንስ ዕቃዎቹ አብረው ይኖሩ ነበር። የሱቁ ብርሃንም ደካማ ነው። ማኅተም ለማየት የሚሄድ ሰው የእጅ ባትሪ ይያዝ፣ የሚችል ፀሐይ በበሩ በምትገባበት በአራትና በአምስት ሰዓት መካከል ይሂድ።

ከፊት ለፊት ባለው ሰሌን ላይ ከአንኮበር በኩል የሚመጡ ጀበናዎችም ትሸጣለች። አንዱን ገለበጥኩት፤ ምንም የለበትም። የትኛዋ እናት እንደሠራችው ጠየቅኋት፤ «ነጋዴው ነው የሚያመጣልኝ» አለች። በጃፓንም ስማቸውን ከሥራቸው ላይ ያላኖሩ ታላላቅ ሸክላ ሠሪዎች አሉ፤ ማሺኮ በምትባለው ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሃማዳ ሾጂ በአገራቸው በሠሯቸው ዕቃዎች ላይ አይፈርሙም ነበር። ግን እሳቸው ሳይፈርሙም ይታወቁ ነበር፤ ሸክላቸው የሚቀመጥበት የእንጨት ሣጥን ላይ በእጃቸው ይጽፉ ነበር። የእኛዋ እናት ሣጥንም የላት። ለነጋዴው መልእክት እንድትልክልኝ ለመንኳት፦ ሠሪዋ ጭቃው ሳይደርቅ ከሥሩ በእሾህ የፈለገችውን ምልክት ትጫርበት፤ ለእያንዳንዱ ምልክት ላለው ጀበና እኔ ሃያ ብር እጨምራለሁ። ነጋዴው መጀመሪያ «ለምን?» ብሎ ነበር። ባለፈው ወር ግን ሁለት ጀበናዎች ከሥራቸው ሦስት ሦስት አጫጭር መስመር ተጭሮባቸው መጡ። ሁለቱንም ገዛሁ፤ አርባውን ብር ለሠሪዋ እንዲያደርስ በነጋዴው እጅ ላክሁ።

የዋጋ ወረቀቱን ደግሞ አሁን ከሲኒው ጆሮ ላይ በክር እያሰረች ታንጠለጥለዋለች። ስሄድ ራሷ አሳየችኝ፤ ስለ ተቆጣሁበት ቀን ሁለታችንም አላነሣንም።

የአያቴን ሲኒ ስትመልስልኝ አንድ ነገር አስተውያለሁ። ቀዩን ቀለም ሙሉ በሙሉ አላነሣችውም። ጽሑፉ እስኪነበብ ድረስ ብቻ ሄዳ፣ ከዳር በኩል የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ትታለች። «ይቺ የእሳቸው ናት ብዬ ነው» አለችኝ። ሁለተኛው ሲኒ ቤት ነው። ከሥሩ ምን እንደተጻፈ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ወንድሜም ይፈልጋል። ነገር ግን በእሱ ላይ ያለው ቀለም እንዳለ ይቆያል።